ትንሹን ከመምረጥዎ በፊት ትልልቆቹን ይመልከቱ

የውሻ ወዳጆች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተዋል። ጸሐፊዎቻቸው ትልልቅ ውሾች አሏቸው፤ በመኪና ይዘዋቸው ይጓዛሉ፤ አሁን ደግሞ ትንሽ ውሻ ሊጨምሩ አስበዋል፣ ወይም ጨምረው ተቸግረዋል። የመጀመሪያው ጠያቂ ገና አልወሰኑም። ብዙ ነገር ማዳን የሚቻለው በዚህ ጊዜ ስለሆነ አብዛኛውን ቦታ ለእሳቸው ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሁለት የጀርመን ሼፐርድ ውሾች አሉኝ። ወንዱ አምስት ዓመቱ ነው፣ 38 ኪሎ ይመዝናል፤ ሴቷ ሦስት ዓመቷ ነው፣ 29 ኪሎ ናት። ሥራዬ ስለሚያዞረኝ በሳምንት ሦስት አራት ቀን መንገድ ላይ ነን፤ እነሱም ከኋላ ተጋድመው አብረውኝ ይዞራሉ። አሁን ከፊት አጠገቤ የምትቀመጥ፣ ስቆም አቅፌያት የምወርድ ትንሽ ውሻ አማረኝ። ዓይኔ ያረፈው ቺዋዋና ዮርክሻየር ቴሪየር ላይ ነው። ቡችላ ብወስድ ትልልቆቹ እንደ ልጃቸው ያሳድጓታል ብዬ አስባለሁ። የትኛውን ይመክሩኛል? (ከሁለት ሼፐርዶች ጋር ተጓዥ)

መልስ፦ ስለ ትንሿ ጠይቀውኛል፤ እኔ ግን አስቀድሜ ስለ ወንዱ ሼፐርድ ልጠይቅዎ። ድመት በፊቱ ስታቋርጥ ምን ይሆናል? የሚሮጥ ትንሽ እንስሳ ዓይኑ ከገባ በኋላ ስሙን ሲጠሩት ይሰማዎታል? ቀጭን የሕፃን ጩኸት ሲሰማ ጆሮውን አቁሞ ይደርቃል ወይስ እንዳልሰማ ያልፋል? ከየትኛውም የዝርያ ስም ይልቅ የሚመጣውን ኑሮ የሚወስነው የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

ውሻ ሲያድን የሚያደርገው ነገር ተራ አለው፤ ያያል፣ ያደባል፣ ያባርራል፣ ይይዛል፣ ነክሶ ያራግፋል። ሼፐርድ በግ እንዲነዳና እንዲጠብቅ እየተመረጠ የተራባ ውሻ ነውና ማየቱና ማባረሩ ውስጡ ብርቱ ናቸው፤ የኋለኞቹ ደግሞ ደብዝዘዋል እንጂ አልጠፉም። ወንዱ ውሻዎ ከሴቷ ጋር ዓመታት በሰላም መኖሩ ከትልቅ ውሻ ጋር መኖር እንደሚችል ብቻ ነው የሚነግረን። ሁለት ኪሎ የማትሞላ ፍጥረት በድንገት እሪ ብላ ስትሮጥ ግን፣ ከጓደኛው ይልቅ የሚያመልጥ ታዳኝ ሊታየው ይችላል። አሰልጣኞች ይህን በደንብ ያውቁታል። ክፋት የለበትም፣ ቂምም የለበትም፤ ነገር ግን በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል፣ የሚመለስም አይደለም።

ስለዚህ ምንም ሳይወስኑ በፊት አንድ ወር ያህል ትልልቆቹን ይመርምሯቸው። አንድ በአንድ፣ በማሰሪያ ይዘው፣ ትንሽ ውሻ ባለበት አካባቢ ከሩቅ ያሳልፏቸው። ከዚያ የሚያውቁት ሰው ረጋ ያለ ትንሽ ውሻ ካለው አብራችሁ በእግር ሂዱ። የሚያዩት ነገር አፉን፣ ዓይኑንና ወገቡን ነው። አፉ ላላ ብሎ የተከፈተ፣ ዓይኑን ወደ ትንሹ ልኮ መልሶ የሚያነሣ፣ ወገቡ የሚወዛወዝ ከሆነ ደስ ይበልዎ። አፉን ግጥም አድርጎ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ካፈጠጠ፣ ስሙን ሲጠሩት ጆሮው እንኳ ካልዞረ፣ ወይም በቀጭኑ ማላዘን ከጀመረ ግን ትንሽ ውሻ የመጨመሩን ሐሳብ ይተዉት። ይህን ስል ልብዎ እንደሚያዝን አውቃለሁ። ሆኖም እዚህ ላይ ማዘን በኋላ ከሚመጣው ሐዘን ይሻላል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ዳማና ጎሹ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ውሾች ነበሩኝ፤ ዳማ ብቻዋን 34 ኪሎ ትመዝን ነበር። ቅንጣት የምትባል ሁለት ኪሎ ተኩል የሆነች ትንሽ ውሻ አመጣሁ። ሦስቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተዋደዱ፤ ቅንጣት የምትተኛው ዳማ ሆድ ላይ ነበር፣ ዳማም እንዳትቀሰቅሳት ብላ ለሰዓታት አትነቃነቅም። ፍቅራቸውን አይቼ መኪና ውስጥም አብሬ የኋላ ወንበር ላይ ለቀቅኳቸው። አንድ ቀን ከፊቴ የነበረው መኪና በድንገት ሲቆም እኔም ፍሬን ያዝኩ። ፍጥነቴ ከ40 አይበልጥም ነበር፤ ከማንም ጋርም አልተጋጨሁም። ዳማ ግን ከወንበሩ ተንሸራታ ቅንጣት ላይ ወደቀች። በራጁ ላይ የቅንጣት የፊት ቀኝ እግር ሁለቱም አጥንቶች ተሰብረው አየሁ። በብረት ተያይዞ ዳነች፣ ከዚያም ብዙ ዓመት ኖረች፤ መኪና ስታይ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ ትንቀጠቀጥ ነበር። ዳማ ምንም አላጠፋችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ፍቅራቸው ከአደጋ የሚጠብቃቸው መስሎኝ ነበር።

በኋላ ሒሳቡን ሳሰላው ይበልጥ ደነገጥኩ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቢቆም፣ ውስጡ ያለው ነገር ሁሉ ከክብደቱ 14 እጥፍ ያህል በሚሆን ኃይል ወደ ፊት ይወረወራል። የእርስዎ 38 ኪሎ ሼፐርድ በዚያች ቅጽበት ከ500 ኪሎ በላይ ሆኖ ይመታል ማለት ነው። ፊቱ ያለው ቺዋዋ ይሁን የእርስዎ ጀርባ፣ ኃይሉ ያው ነው። ስለዚህ ትልልቆቹ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ፣ ከወንበሮቹ በጠንካራ የብረት ፍርግርግ ተለይተው ይሁኑ። ትንሹ የራሱ ጠንካራ ሳጥን ይኑረው፤ ሳጥኑ ከፊት ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ይቀመጥ፣ ወይም የኋላ ወንበር ላይ እንዳይነቃነቅ ተደርጎ ይታሰር። የሳጥኑ ስፋት ውሻው ቆሞ የሚዞርበትና ተዘርግቶ የሚተኛበት ያህል ይበቃል፤ ከዚያ ከሰፋ ውስጡ ይንገላታል።

ከፊት አጠገቤ ትቀመጣለች ያሉትን ግን ከልቤ እለምንዎታለሁ፣ ይተዉት። የፊት ኤርባግ የተሠራው ለትልቅ ሰው አካል ነው፤ የሚፈነዳውም ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ነው። ወንበሩ ላይ ያለች ሦስት ኪሎ ውሻን ሊገድላት ይችላል። ጭን ላይ ያለች ከሆነ ደግሞ በኤርባጉና በእርስዎ መካከል ትጨፈለቃለች። በአንገት ማሰሪያ ከወንበር ጋር ማሰርም አይሆንም፤ አንገቷን ሊሰብር ይችላል። ማሰር ግድ ከሆነ ደረቷን ሙሉ በሚይዝ ማሰሪያ ይሁን።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። በእኔ ሚዛን የእርስዎ ትንሽ ውሻ ከ5 እስከ 9 ኪሎ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ዕድሜ ያለው፣ የተኮላሸ ወንድ ቢሆን ይመረጣል። ከ5 ኪሎ በታች ያልሆነበት ምክንያት ዳማ ናት፤ ትልቅ ውሻ በጨዋታ መሀል መዳፉን ሲያሳርፍ አጥንቱ የሚችል መሆን አለበት። በቡችላው ፋንታ ጎልማሳ ያልኩት ደግሞ የጎልማሳ ውሻ ጠባይ የሚታይ ስለሆነ ነው፤ የስምንት ሳምንት ቡችላ ምን ዓይነት ውሻ እንደሚወጣው ማንም አያውቅም። "እንደ ልጃቸው ያሳድጓታል" የሚለው ተስፋ አንዳንዴ ይሠራል፤ ሲሳሳት ግን ዋጋ የምትከፍለው ቡችላዋ ናት። ወንድ ያልኩት ሴቷን አስቤ ነው። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁለት ሴቶች ከተጣሉ ጠባቸው የከረረና ለማስታረቅ የሚያስቸግር የመሆኑ ነገር በብዙ ቤት አይቼዋለሁ።

ጠባዩን በተመለከተ ሰዎች አብዝተው የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ከትልልቆች ጋር የሚኖር ትንሽ ውሻ ደፋር መሆን አለበት ይላሉ። እኔ የምፈልገው የትልቁን ፊት የሚያነብ ውሻ ነው። ትልቁ ሲደርቅ እሱ ጎን ዞር ይላል፤ ትልቁ ሲያጉረመርም ሳይሮጥና ሳይጮህ ቀስ ብሎ ይርቃል፤ ሲደክመው ራሱ ሄዶ ይተኛል። ስድስት ኪሎ ሆኖ 38 ኪሎውን የሚገዳደር ውሻ ቪዲዮ ላይ ደስ ይላል፣ ዝግ መኪና ውስጥ ግን አያምርም። በጣም የሚፈራውም አይሆንዎትም፤ እሪ የሚለውና የሚሮጠው እሱ ነውና።

ከዝርያዎች ውስጥ ልቤ የሚያዘነብለው ወደ ቦርደር ቴሪየር ነው፤ ምክንያቴ ከታሪኩ የመጣ ነው። ይህ ውሻ በእንግሊዝና በስኮትላንድ ወሰን ላይ ከቀበሮ አዳኝ ውሾች መንጋ ጋር እንዲሠራ ነው የተራባው። ፈረስና ትልልቅ ውሾች ተከትሎ ቀኑን ሙሉ መሮጥ ነበረበት፤ ቀበሮዋ ጉድጓድ ስትገባ ተከትሎ የሚገባው እሱ ነው፤ ከመንጋው ጋር የሚጣላ ከሆነ ደግሞ ማንም አያቆየውም ነበር። የውሻ ዝርያዎችን በሚመዘግበው የእንግሊዝ ኬኔል ክለብ የተመዘገበው በ1920 እ.ኤ.አ. ነው፤ ክብደቱም ከ5 እስከ 7 ኪሎ ይደርሳል። ከቅንጣት በኋላ ያሳደግኩት ቡላ እናቱ ቦርደር ቴሪየር ነበረች፤ ስሙን ያወጣሁለት በቀለሙ ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላው ወስጄው ለ11 ዓመት ከአራት የተለያዩ ትልልቅ ውሾች ጋር ተጉዟል። አንድ ቀን እንኳ አልተነከሰም። ጎሹ አፉን ገጥሞ ሲያይ ቡላ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ጀርባውን ያዞር ነበር። ያን ማንም አላስተማረውም።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ሚኒየቸር ፑድል ብልህ ነው፣ በቶሎ ይለምዳል፤ ፀጉሩ ግን እንክብካቤ ይሻል። ሚኒየቸር ሽናውዘር አጥንተ ጠንካራ ነው፣ ጩኸቱ ግን መኪና ውስጥ ይሰለቻል። ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል ከሁሉም የገራ ነው፣ ከትልልቆች ጋርም ይስማማል፤ በዝርያው የልብ ቫልቭ ሕመም እጅግ የተለመደ ስለሆነ የወላጆቹን የልብ ምርመራ ሳያዩ እንዳይወስዱ። ጃክ ራስል ቴሪየር የምወደው ውሻ ነው፣ ለእርስዎ ግን አልመክረውም፤ ያገኘውን ጠብ የሚቀበል ነው። ዳክስሁንድም ይቅር፤ ጀርባው ረጅም፣ እግሩ አጭር በመሆኑ የጀርባ ዲስክ ሕመም ከአራት ወይም ከአምስት ዳክስሁንዶች አንዱን ያገኛል፤ ከመኪና ዘሎ መውረድ ደግሞ ያባብስበታል። ቺዋዋና ዮርክሻየር ሁለቱም ከሦስት ኪሎ ብዙ የማይዘሉ ሲሆኑ የጉልበታቸው ሎሚ ከቦታው ይንሸራተታል፣ የመተንፈሻ ቱቧቸውም በአንገት ማሰሪያ ሲጎተት ይጣበባል። ሌላ ውሻ ለሌለው ሰው ድንቅ ጓደኞች ናቸው።

ዝርያ የሌለውንም አይናቁ። ከመጠለያ የሚወሰድ ጎልማሳ ድቅል ውሻ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ከሌሎች ውሾች ጋር እንዴት እንደሚኖር የሚያውቅ ሰው አለ። "ከትልልቆቹ ጋር ሲበላ፣ ሲተኛ፣ ሲጣሉበት ምን ያደርጋል?" ብለው ይጠይቁ፣ ከዚያም ራስዎ ቆመው አንድ ሰዓት ይመልከቱ።

ትንሽና ትልቅ ማጣመር አዲስ ነገር እንዳይመስልዎ። በቲቤት ትልቁ ማስቲፍ ከውጭ ሲጠብቅ ትንሹ ላሳ አፕሶ ከውስጥ ሆኖ እንግዳ መምጣቱን ይናገር ነበር። በሃንጋሪ እረኞች ፑሊ መንጋውን ይነዳል፣ ከእሱ እጥፍ በላይ የሚመዝነው ኮሞንዶር ደግሞ ይጠብቃል። በሁለቱም ቦታ የሠራው ነገር ለእያንዳንዱ የራሱ ቦታ መኖሩ ነው። መኪናዎ ውስጥም እንዲሁ ያድርጉት።

ሲያስተዋውቋቸው ቤት ውስጥም መኪና ውስጥም አይሁን። ማንም የእኔ የማይለው ሜዳ ላይ፣ አንድ ትልቅ ውሻ ብቻ፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት ማሰሪያ። ፊት ለፊት አያጋጥሟቸው፤ ጎን ለጎን በ10 ሜትር ርቀት ይራመዱና እየተረጋጉ ሲሄዱ ርቀቱን ያጥብቡ። ሴቷን በሌላ ቀን ያምጧት። መኪናውን በኋላ ያስከትሉ፤ መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ በሮቹ ተከፍተው ሁሉም በየቦታው አምስት ደቂቃ ይቀመጡ፣ ከዚያ አጭር ጉዞ፣ ከዚያ ረዘም ያለ። ትንሹ ሳጥኑን ቤት ውስጥ ቀድሞ ይልመደው፤ የሚተኛበት ጨርቅም ያው ይሁን። ከጉዞ በፊት ለጥቂት ሰዓት ምግብ አይስጡት፤ ማስታወክ ከቀጠለ የእንስሳት ሐኪም የሚያዘው ጥሩ መድኃኒት አለ።

አንድ ልማድ ደግሞ ከቡላ ጋር የያዝኩት፦ ሲገቡ ትንሹ መጨረሻ፣ ሲወርዱም ትንሹ መጨረሻ። ትልልቆቹ በር ሲከፈት የሚፈነጥዙበት አንድ ደቂቃ አለች። ያቺ ደቂቃ ሳትበርድ ትንሹን መሬት አያስነኩት።

ጥያቄ፦ ሁለት ላብራዶሮችና አንድ ፓግ አሉኝ። ላብራዶሮቹ መኪና ውስጥ ደህና ናቸው፤ ፓጉ ግን ገና ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ ያለከልካል፣ ምላሱም ይጠቁርብኛል። ለዐሥር ደቂቃ ጉዳይ ስወርድ መስኮት ገርበብ አድርጌ ብተዋቸው ችግር አለው? (የፓጉ እናት)

መልስ፦ ችግር አለው፣ እባክዎ አይተዉአቸው። ውጪው 24 ዲግሪ በሆነበት ቀን የቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ 34፣ በግማሽ ሰዓት 43 ዲግሪ ይደርሳል፤ መስኮት ገርበብ ማድረግ የሚለውጠው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሦስት ውሾች አብረው ሲያለከልኩ ደግሞ አየሩ በእርጥበት ይሞላል። ውሻ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ስለሆነ እርጥብ አየር ያንን ይነፍገዋል።

ፓግ ከሁሉም ቀድሞ የሚወድቀው አፍንጫው ስለተጨፈለቀ ነው። ላብራዶሩ አየሩን የሚያቀዘቅዝበት ረጅም አፍንጫ አለው፤ የፓጉ ግን አጭርና ጠባብ ነው፣ ለመተንፈስ ራሱ ይታገላል፣ ትግሉም ሌላ ሙቀት ይጨምርበታል። ስለዚህ ሳጥኑ የቀዘቀዘው አየር በሚደርስበት ቦታ፣ ፀሐይ በማያርፍበት ጎን፣ ከላብራዶሮቹ ትንፋሽ ርቆ ይቀመጥ። ጉዞውን ጠዋት ወይም ማታ ያድርጉት።

የምላሱ መጥቆር ግን ለነገ የሚባል አይደለም። ወደ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ የሚያደላ ምላስ ኦክስጅን አነሰኝ ማለት ነው፤ ዛሬ ነገ ሳይሉ ሐኪም ያሳዩት። የአፍንጫ ቀዳዳውን በቀዶ ሕክምና ማስፋትና የላንቃውን ጫፍ ማሳጠር ለብዙ ፓጎች እፎይታ ሰጥቷል። መንገድ ላይ ከተዝለፈለፈ፣ ከተንገዳገደ ወይም ካስታወከ ወዲያው ጥላ ውስጥ ያውርዱት፣ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውኃ ያርሱት፣ አየር ያስነፍሱበት፤ ማቀዝቀዙን ጀምረው ነው ወደ ሐኪም የሚሮጡት። የሰውነቱ ሙቀት በደህናው ቀን 38 ተኩል ገደማ ነው፤ 41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሰባት ኪሎ የሚሆነው ድቅል ቴሪየሬ መኪና ውስጥ ጭኔ ላይ ይቀመጣል፤ ባለቤቴ ይነዳል። ትልቁ ውሻችን ከኋላ አንገቱን ሲያስገባ ትንሹ ጥርሱን ያሳየዋል። ትልቁም ባለፈው ሳምንት አጉረመረመ፣ እኔም ተቆጣሁት፤ አሁን ዝም ብሏል። ትክክል አደረግኩ? (ግራ የገባኝ)

መልስ፦ የተቆጡት ያላጠፋውን ውሻ ነው፣ እኅቴ፤ ደግሞም ዝምታው እኔን አሳስቦኛል። ማጉረምረም የውሻ "ተው" ነው። ያንን ካስጣልነው ቀጥሎ ያለው ያለማስጠንቀቂያ መንከስ ይሆናል። ትንሹ የሚጠብቀው ጭንዎን ነው፤ እንደ ንብረቱ ይዞታል። ከጭንዎ ያውርዱት፣ ከኋላ በሳጥኑ ይሂድ፣ ትልቁም አንገቱን እንዳያስገባ መከለያ ይሁን። ቤት ውስጥም ለሦስት አራት ሳምንት ማንኛቸውም ጭንዎ ላይ አይውጡ። ከዚያ ትልቁ ሲያጉረመርም ቢሰሙ ያመስግኑት ባልልም አይቅጡት፤ ሁለቱን ለያይተው ምን እንዳስቆጣው ይፈልጉ። እርስ በርስ ደም ካፋሰሱ ግን የጠባይ ሕክምና የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው፤ በደብዳቤ የሚፈታ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። 16 ዓመቴ ነው። 45 ኪሎ የሚመዝን ሮትዋይለር አለን፣ በጣም ጨዋ ነው። አሁን የዘጠኝ ሳምንት ቺዋዋ ቡችላ ተሰጠኝ፤ 800 ግራም ናት! ሲጫወቱ እሱ መሬት ላይ ተንጋልሎ እሷ ጆሮውን ትጎትተዋለች። ቤተሰቦቼ መልሽ ይላሉ። ረጅም ጉዞ አለብንና አብረው ከኋላ ቢተኙ ችግር አለው? (የሁለቱ እኅት)

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ እንዴት ነሽ? የጻፍሽው ነገር ልቤን አሙቆታል። ሮትዋይለርሽ መሬት ላይ መንጋለሉ ትልቅ ምልክት ነው፤ ትልቅ ውሻ በገዛ ፈቃዱ ራሱን ዝቅ ካደረገ የትንሿን መጠን አውቆ እየተጫወተ ነው። እያረፉ ቢጫወቱ፣ እሷም ስትለቀቅ ተመልሳ ብትሄድበት ጨዋታው የሁለቱም ነው። እሷ ተመልሳ ካልሄደች ግን እሱ ቢደሰትም ጨዋታው አልቋል።

ቢሆንም 45 ኪሎ እና 800 ግራም ማለት 56 እጥፍ ነው። ተኝቶ ቢገላበጥ እንኳ ይበቃታል። ስለዚህ አብረው ከኋላ አይተኙም፤ ለእሷ ትንሽ ጠንካራ ሳጥን ይኑራት፣ አንቺ አጠገቧ ሁኚ። ቤት ውስጥም አንቺ ወይም ሌላ ትልቅ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል ካልጠበቃቸው በስተቀር በአጥር ወይም በበር ይለዩ። ይህ ለዘለዓለም አይደለም፤ ስታድግና አጥንቷ ሲጠና ይላላል። ምግባቸውን ግን ሁልጊዜ በተለያየ ክፍል ስጪ።

ወላጆችሽ የማያውቁት ሊሆን የሚችል ነገር ደግሞ ልንገርሽ። እንደ እሷ ያለች ቡችላ ለብዙ ሰዓት ሳትበላ ከቆየች በደሟ ያለው ስኳር ይወርዳል፤ ትፈዛለች፣ ትንገዳገዳለች፣ ልትንቀጠቀጥም ትችላለች። በጉዞው ቀን በየሦስት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ አብያት። ከላይ ለጎልማሳው ትንሽ ውሻ ከጉዞ በፊት ምግብ አይሰጥ ያልኩት ለእሷ አይሠራም። ከፈዘዘች ማር ወይም የስኳር ውኃ ድድዋ ላይ ቀቢና በቀጥታ ወደ ሐኪም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፤ ትልቁ አንድ ቀን በጥርሱ ቢይዛት፣ ቆዳዋ ላይ የምታዪው የመርፌ ያህል ቀዳዳ ብቻ ቢሆንም ሐኪም ጋ ውሰጃት። ትልቅ ውሻ ትንሹን ሲያራግፍ ከላይ ያለው ቆዳ ይለጠጥና ይተርፋል፣ ሥጋውና የጎድን አጥንቱ ግን ከሥር ይቀደዳሉ። ይህን ወረቀት ለቤተሰቦችሽ አንብቢላቸው፤ ሳጥኑን ገዝተው ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀድማ እንድትተኛበት ካደረጉ፣ መልሽ የሚሉበት ምክንያት አይታየኝም።